ሁለት ጊዜ ያየሁት ጉበት

በሥራዬ ስንት ጉበት እንዳየሁ ቆጥሬ አላውቅም። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ አምቦ ቄራ ውስጥ የሥጋ ምርመራ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ጠዋት ቦቲ ጫማዬን አጥልቄ፣ ነጩን ካፖርት ደርቤ እቆማለሁ። በሬው ታርዶና ተገፎ ሲያበቃ ሆድ ዕቃው መንጠቆ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። ጉበቱን በአንድ መዳፌ ከሥር ደግፌ በሌላው እዳብሰዋለሁ። ቀለሙን፣ ጠርዙን፣ ልስላሴውን አያለሁ፤ ከዚያ የሐሞት መውረጃዎቹን በቢላ ሰንጥቄ እጨምቃለሁ። በእኛ በኩል፣ በተለይ ከደንዲ ረግረጋማ ግጦሽ በሚመጣ ከብት ላይ፣ የጉበት ትል ብርቅ አይደለም። የቅጠል ቁራጭ የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ከቱቦው ብቅ ካለ "ይወገድ" እላለሁ፤ ጉበቱ ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። ሁሉም ደህና ከሆነ ሥጋው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ማኅተም እመታለሁ። ቀለሙ ከቀኝ እጄ አውራ ጣት ለቆ አያውቅም፤ ሠርግ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም ይዤው እሄዳለሁ።

ባለ ሉካንዳዎቹ አይወዱኝም። "ቲሩን ኩን ማል ታኤ?" ይሉኛል፤ ይሄ ጉበት ደግሞ ምን ሆነ፣ ማለታቸው ነው። እኔም ምላሴ አጭር አይደለም። "ምንም አልሆነም፤ ቤትህ ውሰደውና ልጆችህን ሰብስበህ ብላው" እላለሁ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ልብ ያላልኩት አንድ ነገር ነበር። እያንዳንዱን ጉበት የማየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እጄ ላይ ሲደርስ ሕይወቱ አልቋል። ዛሬ የታመመው ነገ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም። ለእኔ ጉበት ወይ ያልፋል ወይ ይወገዳል፤ ሦስተኛ ነገር የለውም።

ሦስተኛ ነገር እንዳለው ያስተማረችኝ እህቴ ናት። በዐሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እሷ ትምህርቷን አቋርጣ አምቦ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ተቀጠረች። እኔን ያበላችኝ፣ ያለበሰችኝና ዩኒቨርሲቲ ያስገባችኝ አናታቸው ላይ "ሀገረ ሕይወት" የሚል የከተማችን የድሮ ስም የተጻፈባቸውን ያረጁ ፋይሎች አቧራ እያራገፈች ነው። አላገባችም። ለምን ብዬ ስጠይቃት "አንቺ መቼ ፋታ ሰጠሽኝ" ብላ ትስቃለች። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ እሷ የላም ሐኪም ትለኛለች። "የሁለታችንም እንጀራ ከማኅተም ነው፤ የእኔው ግን አይሸትም" ማለት ትወዳለች።

ትልቁ አንጀቷ ላይ ካንሰር የተገኘባት ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት ነው። አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደርጎላት ወጣላት፤ ተገላገልን ብለን ዘመድ ጠርተን አመሰገንን። በክትትል ላይ ሳለች ግን በሲቲ ስካን ጉበቷ ውስጥ ሦስት ዕጢዎች ታዩ፤ ሦስቱም በቀኝ በኩል ናቸው። የጉበት ቀዶ ሐኪሙ ዝም ብሎ የማያስፈራራ፣ ዝም ብሎም ተስፋ የማይሰጥ ሰው ነበር። "መጀመሪያ ኬሞ ያሳንሳቸው፤ ከዚያ እኔ አወጣቸዋለሁ" አለን። በየሦስት ሳምንቱ አንድ፣ በጠቅላላው ስድስት ዙር ታዘዘላት። ቆጠራውን ከእሷ ይልቅ እኔ ያዝኩት። ስድስት ከሞላ እህቴ ትድናለች፣ አንዱ ከጎደለ ትሞትብኛለች፤ በራሴ ጊዜ እንዲያ ብዬ ወሰንኩ።

ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ አወቅነው። ስንሄድ ጊንጪ ላይ ዳቦ እንገዛለን፤ ስንመለስ ጊንጪ ላይ መኪና አስቁመን ታስመልሳለች። መድኃኒቱ ሲሰጣት እንደ ውሃ የጠራ ነገር ነው፤ ያ ጠብታ ከክንዷ ተነሥቶ እንዴት ጉበቷ ውስጥ ያሉትን ሦስቱን መርጦ እንደሚያገኝ ሳስብ ይገርመኝ ነበር። ሦስቱን ብቻ እንደማያገኝ ያኔ አላሰብኩም። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ቀዝቃዛ ነገር ጠላቷ ሆነ። የቧንቧ ውሃ ስትነካ ጣቷን መርፌ ይወጋታል፤ ቀዝቃዛ ነገር ስትጠጣ ጉሮሮዋ ይታነቃል። የአምቦን ጠዋት ታውቁታላችሁ። ቢሮ የሱፍ ጓንት አድርጋ መግባት ጀመረች። ቆይቶ ደግሞ ጣቷ ደነዘዘ። "ፋይል ስገልጥ ወረቀቱ አይሰማኝም፤ ሁለት ልግለጥ አንድ ልግለጥ አላውቅም" አለችኝ። ዕድሜዋን በሙሉ ወረቀት ለገለጠች ሴት ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከአራተኛው ዙር በኋላ ሲቲ ስካን ተነሣች፤ ዕጢዎቹ አንሰዋል። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አቅፌያት አለቀስኩ። "በቃ አታንቂኝ፤ ካንሰሩ ያልገደለኝን አንቺ ልትገድይኝ ነው" አለች። አምስተኛውን ወሰደች። ስድስተኛው ቀጠሮ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው መንገዱ ተዘጋ። በእኛ አገር በእነዚያ ዓመታት መንገድ ይዘጋል፤ ይከፈታል። ሰው እንደ ዝናብ ለምዶት ነበር፤ እኔ ግን አበድኩ።

ባለ መኪና የሆነ የማውቀው ሰው ለመንኩና በወንጪ ዞረን ወሊሶ ልንወጣ ተስማማን። ኮረኮንቹ መንገድ ደህናውን ሰው ራሱ ሆድ ዕቃውን ያነቃንቃል። በቀጠሮው ዋዜማ ረፋዱ ላይ ልወስዳት ስገባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዋ ጭኗ ላይ ነው፤ አላደረገችውም።

"ሂን ዴሙ" አለችኝ በኦሮምኛ። ቁርጥ ያለ ነገር ስትናገር ሁልጊዜ በእናታችን ቋንቋ ነው።

"እንዴት አልሄድም ትያለሽ? መኪናው እኮ በር ላይ ቆሟል!"

"ይቁም። ደክሞኛል።"

"አንድ ዙር ነው የቀረሽ፣ እትዬ! አንድ! ልትሞቺ ነው የፈለግሽው?"

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ክንዷ ላይ መርፌው የነካው ቦታ ሁሉ በልዟል። "ድካም ምን እንደሆነ የምታውቂ ይመስልሻል" አለች። "ውስጤ በቃኝ እያለኝ ነው። አንቺ የምታነቢው የሞተ ሆድ ዕቃ ነው፤ የእኔ ገና ይናገራል።"

"እንግዲያው ሙቺ!" ብዬ በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ይሄን ቃል ከአፌ ማውጣቴን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሁለት ቀን አላነጋገርኳትም፤ እሷ ግን ምሳዬን ከድና ማስቀመጧን አልተወችም።

መንገዱ ሲከፈት አዲስ አበባ ሄድን። ደሟ ተመረመረ፤ ሲቲ ስካን ተነሣች። እኔ ስድስተኛው ዙር በዚያው ቀን ይሰጣታል ብዬ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ለጥፎ ጠርዝ በጠርዝ አየው።

"ዕጢዎቹን አሳንሰናቸዋል" አለ በመጨረሻ። "አሁን ያስቸገረኝ ጉበቱ ራሱ ነው።"

ከዚያ አስረዳን። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ ጉበቱንም ይመታዋል። በጉበት ውስጥ ደም የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን መንገዶች ይጎዳቸዋል፤ ደሙ እንደ ልቡ አያልፍም፣ ውስጥ ይቋጠራል። "ሆድ ስንከፍት አንዳንዱ ጉበት ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚጠብቀን" አለ። "አንዳንዱ ደግሞ ስብ ይሞላውና ቢጫ ይሆናል። የእርስዎ ሰማያዊው ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ብቆርጠው ደሙ አይቆምልኝም። የማስቀረውም ቁራጭ እርስዎን መሸከም ያቅተዋል። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶችም ወርደዋል፤ ጣፊያዎም አብጧል።"

"ጣፊያዋ አብጧል?" ብዬ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። በእኛ ሥራ ጣፊያ አበጠ ማለት አባ ሰንጋ ነው። ቢላ ይጣላል፣ ቄራው ይዘጋል፣ የነካው ሁሉ ይታጠባል። ሳላውቀው እጄን ካፖርቴ ላይ እየጠረግኩ "አባ ሰንጋ ተመርምሯል?" አልኩት።

ሐኪሙ ከፊልሙ ዞሮ አየኝ። እህቴ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "አይፍረዱባት ዶክተር፤ የላም ሐኪም ናት። እኔን እንደ ጊደር ነው የምታየኝ" አለችው።

እሱም ሳቀና ሥራዬን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጣፊያዋ ያበጠው ደም በጉበቷ በኩል ማለፍ ስለከበደው ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳኝና "እንግዲያው ስለ ጉበት ታውቂያለሽ" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"የተጎዳ ጉበት ሲያገግም አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ያን ሁሉ ጉበት በሐሳቤ አገላበጥኩ። "አላውቅም" አልኩ።

"እኔ አይቻለሁ። ኬሞውን እዚህ ላይ እናቁም፤ ከአሁን ጀምሮ ስድስት ሳምንት ያርፍ።"

አላስቻለኝም። "ጉበቱ ሲያርፍ ካንሰሩም አብሮ ያርፋል ወይ?" አልኩት።

"አያርፍም። እሱን እኔም እፈራለሁ" አለ። "ለዚህ ነው ስድስት ሳምንት ያልኩሽ፤ ስድስት ወር አላልኩሽም።"

የቀረው ዙርስ፣ ብዬ ጠየቅኩ። ቀጠሮ ማሳለፍን ለማንም እንደማይመክር ተናገረ። "ግን ይሄን ደም አይቼ ቢሆን ኖሮ ስድስተኛውን እኔው ራሴ እከለክላት ነበር። ተሰጥቷት ቢሆን የምንጠብቀው ጊዜ ይረዝም ነበር" አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እህቴ አላልኩሽም ነበር ብትለኝ መብቷ ነው። አላለችም፤ የካፖርቴን እጅጌ ሳብ አድርጋ "ተቀመጪ" ብቻ አለችኝ።

ከመውጣታችን በፊት ከጉበቷ ከግማሽ በላይ ቆርጦ እንደሚያወጣ ነገረን። "የቀረው ያድጋል" አለ፤ ቀጠሮ እንደሚጽፍ ሰው በተራ ድምፅ። "ቅርጹ እንደ ድሮው አይሆንም። መጠኑ ግን በጥቂት ወራት ይመለሳል። ዋናው ነገር ስንተወው ጤነኛ መሆኑ ነው።"

ወደ አምቦ ጉዞ ጀመርን። ሆለታ ስንደርስ "ይቅር በይኝ፣ እትዬ" አልኳት። "ስለየትኛው?" አለች። ስለየትኛው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

እነዚያ ስድስት ሳምንታት በሕይወቴ ረጅሞቹ ናቸው። ሰው ይመጣል፤ መድኃኒት ይዞ ይመጣል። ጉበት የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ የወፍ በሽታ ነው ብሎ ደምድሟል። አንዲት ጎረቤት የተወቀጠ ቅጠል በጠርሙስ በጥብጠው አምጥተው "ሦስት ጠዋት በባዶ ሆድ ትጠጣው" ሲሉ ጠርሙሱን ከእጃቸው ወስጄ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። የደከመ ጉበት ላይ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር መጨመር እንደማይገባ ሐኪሙ አስጠንቅቆናል። ሴትዮዋ ተቀየሙኝ፤ እስካሁን አልፎ አልፎ ነው ሰላም የሚሉኝ።

ሥራ ግን አልቀረሁም። በአራተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ አንዲት ያረጀች ላም ታርዳ ጉበቷ መንጠቆው ላይ መጣልኝ። አነሣሁት። ግራ ጎኑ በቆየ የጉበት ትል ተበልቶ ኮስምኗል፤ ጠባሳው እንደ ቆዳ ደርቋል። ቀኙ ግን ወፍሮ፣ ተገፍቶ፣ ከሚገባው በላይ ትልቅ ሆኗል። እንዲህ ያለ ጉበት ሞልቷል። ቅርጹ የተበላሸ ብዬ ስጥለው ኖሬአለሁ። ያን ቀን ግን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። አንዱ ጎን ሲሞት ሌላው የእሱን ሥራ ለመሸከም አድጓል። ማንም ሳያክማት፣ ማንም ሳያውቅላት፣ ይቺ ላም እየጋጠች፣ እየወለደች፣ እየታለበች ጉበቷን እንደ አዲስ ስትሠራ ኖራለች። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ይህንኑ በአንድ መስመር አጥንቼ፣ ፈተና ላይ ጽፌ፣ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። እጄ ላይ ሲመጣ ግን አንድም ቀን አላነበብኩትም። ሐኪሙ ላቀረበልኝ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ውሸት ነበር፤ አይቼ አውቃለሁ፣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

"ዶክተር፣ ምነው? ይወገዳል?" አለኝ ባለ ሉካንዳው።

"ይወገዳል" አልኩት። "ግን ቆይ፤ አንዴ ልየው።"

በመንጠቆዎቹ መካከል ቆሜ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ባለ ሉካንዳው ከነጭራሹ ያበድኩ መስሎት ለሰው ሁሉ አወራብኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ደሟ ሲመረመር ፕላትሌቶቹ ወጥተዋል፤ ክንዷም መበለዝ ትቷል። ቀን ተቆረጠላት። የኦፕራሲዮኑ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ራሱ ወጣ፤ በረጅሙ ሲተነፍስ አየሁት። እሷ ደህና መሆኗን ነገረኝ፤ ከዚያ አንድ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ አመጣ። በዚያ ሆስፒታል ከሰው የወጣውን ለምርመራ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል የሚወስደው አስታማሚው ነው። ክዳኑን ከፈተልኝ።

"ሰማያዊነቱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀርቶታል" አለ። "ያን ጊዜ ብንከፍታት ሁሉም እንዲህ ነበር የሚሆነው። የተውኩላት ግን ጥሩ ቀለም አለው።"

ባልዲውን ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ፓቶሎጂ ከግቢው ማዶ ነው። ክብደቱን እጄ ያውቀዋል፤ በየቀኑ የማነሣው ክብደት ነው። ማቆያው ፎርማሊን ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ብቻ ፎርማሊኑ አልነበረም ያስለቀሰኝ። እኔን ስታሳድግ የበላችውን ሁሉ፣ አንዳንዴም እኔ እንድጠግብ ያልበላችውን፣ ሲያጣራ የኖረ ነገር ነው የተሸከምኩት። አንድ ጥበቃ አስቁሞኝ "ምንድነው የያዝሽው?" አለ። "እህቴ ናት" አልኩት። ሰውየው ባልዲውን አየ፣ እኔን አየ፣ ኮፍያውን አውልቆ መንገድ ለቀቀልኝ።

ፓቶሎጂ በር ላይ ስደርስ የልማዴን አደረግኩ። ክዳኑን ከፍቼ ቀለሙን፣ ጠርዙንና ሦስቱን ነጫጭ ቦታዎች አየሁ። ቄራ ቢሆን "ይወገድ" እል ነበር፤ ልክም ነበርኩ። ግን የዚህ ጉበት ሌላው ቁራጭ በዚያች ሰዓት እህቴ ውስጥ ሞቆ ይሠራል፤ ማደግም ጀምሮ ይሆናል። እንደዚያ ቀን ሰው መሆን የገረመኝ ቀን የለም።

መጀመሪያ ላይ ፈርተን ነበር። ለተወሰኑ ቀናት ዓይኗ ነጩ ላይ ቢጫ መታው፤ እኔም በየሰዓቱ የዓይኗን ቆብ እየገለጥኩ አስመረርኳት። ከዚያ ቀስ በቀስ ጠራ። የፓቶሎጂው ውጤትም ዕጢዎቹ ከነዙሪያቸው ሙሉ በሙሉ መውጣታቸውን የሚናገር ሆነ።

ከሦስት ወር በኋላ አምቦ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ለአልትራሳውንድ ገባን። ከቄራ ቀጥታ ስለመጣሁ እጄ ገና ቀለም አለው። እህቴ ተንጋለለች። ጠባሳዋ የቀኝ ጎድን አጥንቷን ተከትሎ ይወርዳል። ባለሙያዋ ልጅ ጄሉን ቀብታ መሣሪያውን ወዲያ ወዲህ አንሸራተተች፤ ለካች፤ ደግማ ለካች። ወደ ማስረጃ ወረቀቱ ዞራ አነበበችና "የቀኙ ጎን ወጥቷል ነው የሚለው?" አለች።

"አዎ፣ ወጥቷል" አልኩ።

"ቦታው እኮ ሞልቷል" አለች።

ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። ግራጫ፣ ወጥ የሆነ፣ ጠርዙ ለስላሳ ጉበት ከእህቴ ትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ቁራጩን በባልዲ ተሸክሜ ያደረስኩት ያው ጉበት ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ጉበት ሁለቴ አየሁ። እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

"ምን ትያለሽ፣ የላም ሐኪም?" አለችኝ ከተኛችበት። "ይወገዳል?"

"ያልፋል" አልኩ።

"ታዲያ ማኅተሙስ?"

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን አውራ ጣቴን ጄሉ ላይ ነክሬ ከጠባሳዋ ዝቅ ብሎ ጫን አደረግኩት። ወይን ጠጅ ቀለም ያላት ትንሽ ምልክት ሆዷ ላይ ቀረች። ባለሙያዋ ልጅ ምን እንደምናደርግ ግራ ገብቷት ለመጥረጊያ የሚሆን ወረቀት ሰጠቻት። እህቴ ወረቀቱን በእነዚያ ደንዝዘው በነበሩ ጣቶቿ ፈትጋ ሁለት መሆኑን አወቀች፤ አንዱን ለእኔ ለዓይኔ ሰጠችኝ። በሌላው ጄሉን በሙሉ፣ ቀስ ብላ፣ ዙሪያውን ጠረገችና ያቺን ምልክት ተወቻት።